የቀይ ሥር ምሳዎችና ቀዩ መድኃኒት

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፤ ሕመሙ ለያዛቸውና ሕመሙን ከያዘው ሰው ለሚደብቁ ቤተሰቦች። ሁለተኞቹ ከፊተኞቹ እንደሚበዙ በሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አረጋግጫለሁ።

ስሜ ሙላት ይባላል። በደብረ ታቦር ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጥቻለሁ። መዝገብ ቤት ማለት ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚገባውም ሆነ የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት በየፋይሉ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። በእኔ ዘመን ከዚያ ክፍል የጠፋ ወረቀት አልነበረም ለማለት አልደፍርም። ለጠፋው ወረቀት ሁሉ ግን ማን እንዳጠፋውና ለምን እንደጠፋ የሚገልጽ ማብራሪያ በቦታው ገብቶለታል። ይህን የምጠቅሰው ለጉራ ሳይሆን ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ጥቂት ጉራም የለበትም አልልም።

ነገሩ የጀመረው በሸሚዝ ነው። ከጡረታ በኋላም ቢሆን ክራባት ሳላስር ከቤት አልወጣም። አንድ ሰኞ ጧት ግን የሸሚዜ የላይኛው ቁልፍ አልገጥም አለ። ባለቤቴ ውድነሽ ሳሙናውን ወቀሰች። ሌላ ሸሚዝ አመጣሁ፤ እሱም አልገጠመም። ሦስተኛው እምቢ ሲል መስታወት ፊት ቆሜ አንገቴን ዳበስኩ። በግራ በኩል፣ ከመንጋጋዬ በታች፣ የእንቁላል አስኳል የምታህል፣ ስነካት የማታመኝ፣ ነገር ግን ቦታዋን ለመልቀቅ ያላሰበች እብጠት አገኘሁ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ቶንሲል ነው ብሎ የአሥር ቀን እንክብል ሰጠኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን እብጠቷ በቦታዋ ነበረች፤ የተለወጠው ጨጓራዬ ብቻ ነው። ሁለተኛው ክሊኒክ የዕጢ ቲቢ ነው አለ። ይህ ሕመም በአካባቢያችን ብዙ ስለሆነ ግምቱ አያስወቅሰውም። መድኃኒቱን ሁለት ወር ሙሉ ሰዓት ሳላዛንፍ ዋጥኩ። በዚህ መካከል ሰውነቴ ያለምክንያት በላብ ይርስ ጀመር፤ ቀበቶዬ ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ አበጀሁ፤ በብብቴ ሥርም ሌላ እብጠት ተከሰተች። በሐኪሞቹ አልፈርድም፤ እብጠት በአንገት ላይ ስሙን ጽፎ አይወጣም። ለአንባቢ የምለው ግን፣ የማያም እብጠት ከወር በላይ ከቆየባችሁ ናሙና ይወሰድልን በሉ። አለማመሙን እንደ ደግነት አትቁጠሩለት።

ናሙናው የተወሰደው ባሕር ዳር ነው። ውጤቱን ሊቀበል የሄደው ልጄ ይበልጣል ነበር። ይበልጣል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቁመቱም ስፋቱም በር ይሞላል። የዚያን ዕለት ግን ሲገባ በሩ ሰፊ ሆኖ ታየኝ።

«አባዬ፣ ያው ቲቢው ነው» አለ ጫማውን እየተመለከተ። «ጠንከር ያለው ዓይነት ነው አሉ እንጂ። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለው። ባሕር ዳር እየተመላለስክ ትወስዳለህ።»

«ዶክተሩ ቲቢ ነው አለህ?»

«አዎ። ጠንካራ ቲቢ።»

በእጁ ፖስታ ይዞ ነበር። አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ከደብተር የተቀደደ ነጭ ወረቀት በሙጫ ተለጥፎበታል። የታሸገ ደብዳቤ መክፈት በሙያዬ ነውር ስለሆነ አልከፈትኩትም። አድራሻ ማንበብ ግን ደብዳቤ መክፈት አይደለም። ይበልጣል እግሩን ሊታጠብ ሲወጣ ፖስታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁት። «ለካንሰር ሕክምና ክፍል» ይላል። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር።

 ፖስታውን በነበረበት ቦታ፣ በነበረበት አቅጣጫ መልሼ ተቀመጥኩ። ወዲያው ከጓዳ ባልዲ ሲንኳኳ ሰማሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ያለማቋረጥ። የዚያን ዕለት ውኃ አልነበረም፤ ባልዲው ባዶ ነው። ውድነሽ ስታለቅስ ድምፅዋ እንዳይሰማኝ ባልዲ እያንኳኳች ነበር።

እንግዲህ ምን ማድረግ ነበረብኝ? በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም። መርዶ እንኳ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚደግፉ ክንዶች ከተዘጋጁ በኋላ ነው። የራሱን ሕመም መርዶ ለታማሚው የሚያረዳ ግን እስከ ዛሬ አልተሾመም። ልጄና ሚስቴ እኔን ለማዳን የሚያውቁት መንገድ ይህ ብቻ ነበር። «ዐውቄአለሁ» ብላቸው ያንን ሁሉ ሙጫ ከንቱ ላደርግባቸው ነው። ስለዚህ እነሱ ከእኔ ደበቁ፤ እኔም ማወቄን ከእነሱ ደበቅኩ። በቤታችን ሕመሙን የማያውቅ ሰው አልቀረም፤ ስሙን የሚጠራ ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ገዝቼ ሽፋኑ ላይ «ልዩ ልዩ» ብዬ ጻፍኩበት። በሠላሳ አንድ ዓመት የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ይህ ስም የተጻፈበትን ፋይል ማንም ከፍቶ እንደማያይ ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና ዕለት ሦስታችንም ወደ ባሕር ዳር ሄድን። የክፍሉ ስም ከበሩ በላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ይበልጣል ቀድሞን ሮጠና ጀርባውን ለጽሑፉ ሰጥቶ ቆመ። ውድነሽ በበኩሏ ክንዴን ይዛ ወደ ግቢው አዞረችኝ።

«ሙላት፣ እስቲ ያንን ዋርካ እይልኝ። ስንት ዓመት ይሆነዋል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እስቲ ገምት።»

መቶ ሃምሳ ብዬ ገመትኩላት። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር ይበልጣል ግድግዳ ይሆናል፣ ውድነሽ ዋርካውን ታሳየኛለች፣ እኔም ዕድሜውን እገምታለሁ። ዛፉን ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ልሥለው እችላለሁ። አንድ ቀን ልጄ ከጽሑፉ ፊት እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ሲቆም አንዲት ሴትዮ ትከሻውን መታ አድርጋ «ወንድሜ፣ የካንሰር ክፍል የትኛው ነው?» አለችው። ከተደገፈበት ሳይነቃነቅ «አላውቅም፣ እኔም እንግዳ ነኝ» ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። ምስኪኗ ሁለት ጊዜ ግቢውን ዞረች። ሦስተኛ ስታልፍ፣ እሱ ሳያየኝ፣ በአገጬ ከልጄ ጀርባ ያለውን በር ጠቆምኳት።

መድኃኒቱ አራት ዓይነት ነበር። ሦስቱ ውኃ ይመስላሉ ወይም የሚዋጡ ናቸው። አራተኛው ግን ቀይ ነው፤ የቪምቶ ለስላሳ መጠጥ ዓይነት ቅላት። ስሙ ዶክሶሩቢሲን ሲሆን፣ አንትራሳይክሊን ከሚባል የመድኃኒት ቤተሰብ ነው። ነርሶቹ በአጭሩ «ቀዩ» ይሉታል። ነርሷ በትልቅ መርፌ ይዛው፣ ከአጠገቤ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከክንዴ ሳትነቅል በዝግታ ትሰጠዋለች። ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ከነካ ያቆስላል።

ይበልጣል ውኃ ሊገዛ ሲወጣ ደብተሬን ከደረት ኪሴ አወጣሁ።

«ሲስተር፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ነርሷ ወደ በሩ አየች። «አባባ፣ ቤተሰብዎ እንዳልነግርዎ ለምነውኛል።»

«ካንሰር መሆኑን ነው?»

ዓይኗን ወደ መርፌው መለሰች።

«አንቺ አልነገርሽኝም። እኔ ነኝ የነገርኩሽ» አልኳት። «አሁን መጠኑን ንገሪኝ።»

ፈገግ ብላ ነገረችኝ፤ ሰማንያ ሚሊግራም። ጻፍኩ። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የተደረገልኝን የልብ ምርመራ ቁጥርም ከወረቀቱ ላይ አስነበብኳት። ያኔ የሰጠችኝን ማብራሪያ እንደወረደ አኖረዋለሁ። «ይህ ቀዩ መድኃኒት ከሁሉም ጉልበተኛው ነው፤ ዕጢው ላይ ሲበረታ ግን ልብንም ይነካል። ስለዚህ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚወስደው ልክ አለው። ዛሬ የተሰጠው ከዓመታት በኋላም ይደመራል። ደግሞ ሽንትዎ አንድ ሁለት ቀን ቀይ ይሆናል፤ ደም አይደለምና አይደንግጡ።»

በዕድሜ ልክ የሚደመር ነገር ለመዝገብ ቤት ሰው ሊነገር የሚገባ ነገር ነው። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ከሕክምናው በኋላ ምሳ ገባን። ይበልጣል ሳያማክረኝ አዘዘ። የመጣው ቀይ ሥር ነው፤ የቀይ ሥር ሰላጣ፣ ቀይ ሥር በድንች፣ ከጎኑም በብርጭቆ የቀይ ሥር ጭማቂ። እኔ ቀይ ሥር አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም፤ ይህንንም ሁለቱ ያውቃሉ።

«ብላ እንጂ፣ ደም ያረባል» አለችኝ ውድነሽ።

በላሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ቆመ። ወርጄ ከአንድ አጥር ጀርባ ውኃ ሽንቴን ሸናሁ፤ ነርሷ እንዳለችው ቀይ ነበር። ዞር ስል ይበልጣል አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«አባዬ፣ ምነው፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ቀላ ብሎ ከሆነ የቀይ ሥሩ ነው፤ ቀይ ሥር እንደዚያ ያደርጋል» አለ፤ እኔ ስለ ምንም ነገር አልጠየቅኩትም።

የምሳው ምሥጢር ያኔ ገባኝ። ነርሷ የነገረችኝን ለእሱም ነግራዋለች፤ እሱም ምክንያቱን ቀድሞ በሆዴ ውስጥ አስቀመጠ። ልጄ ይህን ያህል አርቆ አሳቢ መሆኑን በዚያች ሰዓት አወቅኩ፤ ኮራሁበትም። ዋጋው ግን በየሦስት ሳምንቱ አንድ ገበታ ቀይ ሥር ሆነ። ማቅለሽለሹ አፌ ላይ ደርሶ ሳለ ያንን ሳህን መጨረስ፣ ለቤተሰቤ ከከፈልኩት መሥዋዕትነት ሁሉ ትልቁ እንደሆነ አምናለሁ።

ከሁለተኛው ዙር በፊት በተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ከአያ ደሴ ጋር ተዋወቅን። አያ ደሴ ከጉና ሥር የመጡ ገብስና ድንች አምራች ናቸው፤ ወፍራም ጋቢ ተከናንበው በባሕር ዳር ሙቀት ያልባቸዋል እንጂ አያወልቁትም። ልጆቻቸውና የእኔዎቹ ለካርድ ሲሰለፉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንቱን ምን ነው አሉዎት?»

«ጠንካራ ቲቢ።»

«እኔን ጨጓራ ነው ብለውኛል» አሉ በትዝብት። «ጨጓራ ለማከም ክንድ ይወጋል?»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም? ማወቅዎን ማለቴ ነው።»

«ልጆቹ ምን አጠፉ? ትንሹ ልጄ እኔን ለማሳቅ ብሎ ዘፈን ጀምሯል። ድምፅ የለውም። ዐወቅሁ ያልኩት ቀን ዝም ሊል ነው፣ ከዚያ ምን ልሰማ ነው?»

 የአግዳሚው ሰው ሁሉ፣ አጠገቡ ላለው ሰው ሲል አንዳንድ ውሸት በጉያው ይዟል። ከዚያ አያ ደሴ ጋቢያቸውን ሰብስበው «የቅንድብዎን ነገር ግን ይዘጋጁበት» አሉኝ። «ራስዎ እንኳ ቀድሞም ፀጉር የለበት።»

እውነት ነው፤ ራሴ ከጡረታ በፊት መልጧል። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ግን ቅንድቤና ጺሜ ረገፉ። ውድነሽ ፊቴን አየችና «ዘንድሮ ብርዱ ከረረ» አለች። ብርድ ቅንድብ ያረግፋል ብላ እንደማታምን አውቃለሁ። እኔም «ከረረ» አልኳት፣ ባርኔጣዬንም ዝቅ አደረግኩ። የንስሐ አባታችን ሊጠይቁኝ መጥተው ጾሙን ሲፈቱልኝ፣ እንቁላልና ወተት እንድወስድ አዘዙ። ደስ አለኝ፤ ቀይ ሥሩን የሚያስቀር መስሎኝ ነበር። እንቁላሉ በቀይ ሥር ላይ ተጨመረ።

ሦስተኛው ዙር እንደ ሁለተኛው አለፈ። አራተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ አልሆነም። በአራተኛው ጉዞ የደም ምርመራው ነጭ የደም ሕዋሳት አንሰዋል ስላለ መድኃኒት ሳልወስድ ተመለስኩ። በቀጠሮ ስሄድ ደግሞ መጠኑ ተቀንሶ ስልሳ ሚሊግራም ብቻ ተሰጠኝ። ይበልጣል በዚህ ጊዜ ለሥራ ወደ ጎንደር ተዛውሮ ስለነበር አብራኝ የሄደችው ውድነሽ ናት። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ጉዞው አምስት ነው፤ መድኃኒት የተሰጠኝ አራት ጊዜ ነው፤ አራተኛውም ጎደሎ ነው።

ይበልጣል ጎንደር ቤት ስለተከራየ የቀሩትን ሁለት ዙሮች እዚያ እንድወስድ ተስማማን። የባሕር ዳሩ ሐኪም የሕመሙን ስምና የወሰድኩትን መድኃኒት ሁሉ በሁለት ገጽ ጽፎ፣ አሽጎ ሰጠ። ለእኔ ሳይሆን ለውድነሽ ነው የሰጣት። እሷም ወደ ቤት ስንመለስ ሐሙሲት ላይ ጉልበቷን ወንዛዬ ፍል ውኃ እንደምትነክር ነግራኝ፣ እኔን ከጎረቤት ጋር በሚኒባስ አሳፍራ ቀረች። በማግሥቱ ፊቷ ፈክቶ መጣች። ጉልበቷ ተሽሏት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ጎንደር ላይ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ስትናገር ዓይን ለዓይን ታያለች። የልብ ምርመራ አስደረገችልኝ፣ ውጤቱን አነበበች፣ ከዚያ ወረቀቶቼን አገላበጠች።

«የሪፈር ወረቀቱ የታለ? ከዚህ በፊት የወሰዱት መድኃኒት የተጻፈበት?»

ውድነሽ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች። ይበልጣል እናቱን አየ። 

«ስንት ጊዜ ወስደዋል?» አለች ሐኪሟ።

«አራት» አለ ይበልጣል።

«አምስት» አለች ውድነሽ።

«እማዬ፣ አራት ነው።»

«አንተ የነበርክበትን ነው የምትቆጥረው። ስንት ጊዜ እንደሄድን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ሐኪሟ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «እንዲህ ነው፤ ይህኛው መድኃኒት በጠቅላላ ድምሩ ነው የሚሰጠው። የልብዎ ጉልበት ከምፈልገው ዝቅ ያለ ነው። ቀድሞም እንዲህ ከሆነ መቀጠል እችላለሁ። መድኃኒቱ አዳክሞት ከሆነ ግን ብጨምር እጎዳዎታለሁ። የመጀመሪያውን ምርመራና ትክክለኛውን መጠን ካላወቅሁ እሱን ትቼ በሌሎቹ ብቻ ልቀጥል ነው። እሱ ደግሞ ዋናው ነው።»

ወዲያው ወደ ባሕር ዳር ደወለች። የካርድ ቁጥሬን የያዘው ወረቀትም አብሮ ስለጠፋ በስም ብቻ ጠየቀች። ስልኩን ስትዘጋ «ፈልገን እናሳውቃለን ብለዋል» አለችን።

በሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት ቁጥሩን ፈጣሪ ያውቀዋል። ከልቤ የምለው ጊዜ ነበር፤ ያም ቢሆን ሳምንታት ይወስዳል። የእኔ ቀጠሮ ግን ነገ ጧት ነበር።

ደብተሩ በደረት ኪሴ ውስጥ ነው። እጄ እዚያ ደረሰና ቆመ። ካወጣሁት የአራት ወር ድካማቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊፈርስ ነው፤ ሙጫው፣ ዋርካው፣ ቀይ ሥሩ። ካላወጣሁት ደግሞ ዋናው መድኃኒት ሊቀርብኝ ነው። ሦስተኛ መንገድ ሞከርኩ።

«ዶክተር፣ ለብቻችን የምነግርሽ ጉዳይ ነበረኝ። የሽንት ነገር ነው።»

«ሽንቱ የቀይ ሥሩ ነው» አለ ይበልጣል፣ ከመቅጽበት።

«እኔ አልወጣም» አለች ውድነሽ። «የባሌን ሽንት አፍሬበት ነው?» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ወረቀቱን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ወንዛዬ ወስጄ ፍል ውኃው ውስጥ ጣልኩት። ከዚህ ሰው ወረቀት መደበቅ አይቻልም፤ ቤት ውስጥ ባኖረው በሦስተኛው ቀን ቁጥር ሰጥቶት ላገኝ ነው። ደግሞ ያ ስም ያለበት ነገር ከቤቴ እንዲወጣ ፈለግሁ። መጠን እንዳለበት እኔ ምን አውቄ።»

የትኛው ስም እንደሆነ እንዳልሰማ ብላ ይህን ሁሉ ስትናገር እንኳ አልጠራችውም።

ደብተሩን አወጣሁ። መነጽሬን አደረግኩ። በመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሳቀርብ እንደማደርገው ቆሜ አነበብኩ።

«አንደኛ ዙር፣ ዶክሶሩቢሲን ሰማንያ ሚሊግራም። ሁለተኛ ዙር፣ ሰማንያ። ሦስተኛ ዙር፣ ሰማንያ። ከዚያ አንድ ጉዞ፣ በነጭ የደም ሕዋሳት ማነስ ምክንያት ያልተሰጠ። አራተኛ ዙር፣ ተቀንሶ ስልሳ። ድምር ሦስት መቶ ሚሊግራም። ሕክምናው ሳይጀመር የተደረገው የልብ ምርመራ ቁጥር ከዚህ ሥር አለ፤ የካርድ ቁጥሬም ሽፋኑ ላይ ነው። የሕመሙ ስም፣ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር።»

 ሐኪሟ ደብተሩን ተቀብላ የልቤን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያየች። «ያው ነው» አለች። «ሲጀመርም እንዲህ ነበር። መድኃኒቱ አላዳከመውም። ድምሩም ከልኩ በታች ነው። ነገ እንቀጥላለን።» ከዚያ ወደ ቤተሰቤ አየችና በዘዴ ተነሥታ ወጣች።

ውድነሽ በአንቱታ የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«ከፖስታው ጀምሮ።»

«ሙጫውን አይተው ነው?» አለ ይበልጣል፤ ግራ ሲጋባ እሱም አንቱ አለኝ።

«እርጥብ ነበር።»

«እና ዋርካውን ያስገመትኩዎት በሙሉ…» አለች ውድነሽ።

«የመጨረሻ ግምቴ ሁለት መቶ አሥር ነው።»

«ቀይ ሥሩንስ?»

«በላሁት።»

ይበልጣል ሳቁ አመለጠውና በእጁ አፈነው። ውድነሽ ግን አልሳቀችም። «እኔ በአራት ወር አንድ ቀን ፊትዎ አላለቀስኩም» አለች። «እንዳይሰሙኝ ብዬ።»

«ባልዲውን ሰምቻለሁ» አልኳት።

ያኔ አለቀሰች፤ ያለ ባልዲ። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። ሕመሙ ከጀመረኝ ወዲህ አንድ ነገር ላይ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነበር። የከበደኝን ያህል ቀለለኝ ብል ሐሰት አይሆንም።

የቀሩትን ሁለት ዙሮች ወሰድኩ። በአምስተኛው ዙር ዕለት ይበልጣል በልማዱ ከክፍሉ ስም ፊት ሊቆም ሲል እናቱ እጁን ይዛ ሳበችው። ምሳም ጥብስ ነበር። ከመጨረሻው ዙር በኋላ በተደረገው ምርመራ እብጠቶቹ ጠፍተዋል፤ ሐኪሟ ግን ሙሉ በሙሉ ድኗል ለማለት ዓመታት መጠበቅ እንደሚገባ፣ ልቤም በየጊዜው መታየት እንዳለበት አስጠንቅቃኛለች። ቅንድቤ ተመልሷል፤ ከፊተኛው ይልቅ ሽበታም ነው። አያ ደሴም ሕክምናቸውን ጨርሰው በሰው እጅ አንድ ማዳበሪያ ድንች ልከውልኛል፤ ከላዩ «ለጠንካራው ቲቢ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ነበረበት። ልጃቸው አሁንም ይዘፍናል አሉ።

ታማሚ የሆናችሁ፣ ቀዩን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር መጠኑን ጠይቁና ጻፉ፤ የሐኪም መዝገብ በሩቅ ከተማ ነው፣ ልባችሁ ግን ከእናንተ ጋር ነው የሚዞረው። ቤተሰብ የሆናችሁ፣ ብትደብቁም እንኳ ወረቀቱን አታጥፉ። ከቻላችሁ ደግሞ አትደብቁ፤ ሰውየው ምናልባት ያውቃል፤ እናንተን እንዳያሳዝን ብሎም ቀይ ሥር እየበላ ይሆናል።

«ልዩ ልዩ» የሚለውን ደብተር ሳጠቃልል የጠፉት የሪፈር ሁለት ገጾች ቦታ ባዶ መሆኑ ከነከነኝ። ደንቡ ደንብ ነው፤ ለጠፋ ሰነድ ያጠፋው ሰው በጽሑፍ ያብራራል። ውድነሽን ጠየቅኳት። ለሦስት ቀን ዘለፈችኝ፤ ሚስት ነኝ ወይስ ተላላኪ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ከሰሰችኝ። በአራተኛው ቀን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ጠረጴዛዬ ላይ ያኖረችው ወረቀት ይህ ነው።

«ወረቀቱን የጣልኩት እኔ ውድነሽ ነኝ። ምክንያቱም ስሙ ከቤቴ እንዲወጣ ነው። ወጥቷል።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ከተቀበልኳቸው ማብራሪያዎች ሁሉ አጭሩና የተሟላው ነው። የገጽ ቁጥር ሰጥቼ በቦታው አስገባሁት። ከዚያ የሐኪሟ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝና በጠርዙ ላይ «ገና በክትትል ላይ ያለ» የሚል ማስታወሻ ላክል ብዕሬን አነሣሁ።

«ወጥቷል» የሚለውን ደግሜ አነበብኩና፣ ሳልጽፍ የብዕሬን ክዳን መልሼ ገጠምኩት።